ኦክስጅኑን ከመጨመራችሁ በፊት፦ ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት ስንረዳ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

"ሲስተርዬ፣ ኦክስጅኑን ትንሽ ጨምሪለት።" ጨቅላ ሕፃናት ክፍል የሠራ ሁሉ ይህን ልመና ያውቀዋል። አያት ይለምናሉ፣ ሲስተርም አንጀቷ አይችልም፣ ትጨምራለች።

የመጀመሪያው ስህተት ይሄ ነው። ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን የሚያቃስተውና ደረቱ የሚሰረጉደው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሳንባው የአየር ከረጢቶች ሲያስተነፍስ ስለሚከደኑ ነው። ክፍት አድርጎ የሚይዛቸው ሰርፋክታንት ገና አልበቃውም። ኦክስጅን ብቻውን የተከደነ ሳንባ አይከፍትም። ሲበዛ ደግሞ ዓይን ያጠፋል፤ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ጨቅላዎች የታወሩት በዚሁ ነው። ኦክስጅን ላይ ላለ ሕፃን የደሙን ኦክስጅን የሚያነበው መለኪያ ከ90 እስከ 95 በመቶ ካሳየ ይበቃል። 100 ካሳየ ደስ አይበላችሁ፣ ቀንሱ።

ሳንባውን ክፍት የሚያደርገው ግፊት ነው፤ ለዚህም ባብል ሲፓፕ አለ፤ በአፍንጫ አየር እየሰጠ፣ የቱቦው ጫፍ ውሃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ተነክሮ ግፊቱን የሚጠብቅ መሣሪያ ነው። ሕፃኑ እስኪደክም መጠበቅ አንድ ጥፋት ነው። ሰክቶ ዞር ማለት ሌላ። ጠርሙሱን እዩት። ውሃው እየተንተከተከ ነው? ዝም ካለ ግፊቱ የሆነ ቦታ እያመለጠ ነው፦ አፉ ተከፍቷል፣ ቱቦ ተላቋል፣ ወይም ፕሮንጉ (አፍንጫው ውስጥ የሚገባው ጫፍ) ለአፍንጫው አንሷል። ያኔ ፕሮንጉን ወደ ውስጥ መግፋት የአፍንጫውን መሃል ያቆስለዋል። ልኩን ቀይሩ። ሆዱ እንዳይነፋም በአፉ ወደ ሆዱ የገባውን ቱቦ ክፍት አድርጉ።

ትንፋሽ ስትቆጥሩ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። እነዚህ ልጆች ለ5 ወይም ለ10 ሰከንድ ቆም ብለው ይቀጥላሉ፤ ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ያሳስታል። ከ20 ሰከንድ ካለፈ ግን አደጋ ነው፤ ጀርባውን እያሻሻችሁ ሐኪም ጥሩ።

ብርድስ? ከ36.5 ዲግሪ በታች የወረደ ሕፃን ያለችውን ኦክስጅን ለመሞቅ ይጨርሳታል። "ሲፓፕ ላይ ስለሆነ እናቱ ደረት ላይ አይሆንም" የሚለው ወግ ይቅር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው መመሪያ፣ ሕፃኑ በራሱ መተንፈስ የማይችል፣ በማሽን የሚተነፍስ ወይም ሾክ ውስጥ የገባ (የደም ዝውውሩ የተዳከመ) ካልሆነ በቀር የካንጋሮ እንክብካቤ፣ ማለትም እናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ መታቀፉ፣ ከውልደት ወዲያው ይጀመር ይላል።

አንዳንዱ ስህተት ደግሞ ከማዋለጃ ክፍል ይጀምራል። ከ34 ሳምንት በፊት ምጥ የመጣባት እናት ኢንፌክሽን ከሌለባት፣ የሕፃኑን ሳንባ የሚያበስለው ዴክሳሜታሶን በየ12 ሰዓቱ 6 ሚሊግራም፣ 4 ጊዜ ይወጋላታል። "ልትወልድ ነው፣ አይደርስም" ብሎ የመጀመሪያዋን መርፌ መተው አያዋጣም።