ፍሪኩዌንሲ በሚቀያይሩ ሬዲዮዎች የዳታ ፍጥነትንና መዘግየትን ስናመጣጥን ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

በየቅጽበቱ ፍሪኩዌንሲ እየቀያየሩ የሚሠሩ ሬዲዮዎች የውኃ ጉድጓዶችን፣ የነዳጅ ቧንቧዎችንና የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያዎችን ከመቆጣጠሪያ ማዕከል ጋር ያገናኛሉ። ብዙ ዳታ ማስተላለፍና ዳታውን ቶሎ ማድረስ ግን የተለያዩ ግቦች ናቸው፤ ይህን የዘነጋ ባለሙያ አንዱን አሻሽላለሁ ሲል ሌላውን ያበላሻል።

የመጀመሪያው ስህተት ሬዲዮን በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ፍጥነት ብቻ መምረጥ ነው። የቀድሞውን ብሉቱዝ እንመልከት፦ በአየር ላይ የሚልከው በሰከንድ 1 ሜጋቢት ቢሆንም፣ 625 ማይክሮሰከንድ የሆነ አንድ የጊዜ ክፍል ብቻ የሚይዘው ፓኬት (በአንድ ጊዜ የሚላክ የዳታ ጥቅል) 27 ባይት ስለሚጭን በአንድ አቅጣጫ የሚያደርሰው በሰከንድ 172.8 ኪሎቢት ነው። አምስት ክፍል የሚይዘው ፓኬት 339 ባይት ጭኖ 723.2 ኪሎቢት ያደርሳል፤ ነገር ግን አንድ ዙር ደርሶ መልስ ከ1.25 ወደ 3.75 ሚሊሰከንድ ይረዝማል፣ ፓኬቱ ከተበላሸም የሚደገመው ሙሉው ነው። ጥቂት ባይት ብቻ ለሚልክ የቫልቭ መቆጣጠሪያ ረጅሙ ፓኬት የሚጨምርለት ነገር የለም።

ሁለተኛው በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ የሚቆዩበትን ጊዜ ያለ ልክ ማርዘም ነው። እያንዳንዱ ቅያሪ ጊዜ ስለሚወስድ ረጅም ቆይታ የዳታውን መጠን ያሳድጋል፤ ሆኖም የተያዘው ፍሪኩዌንሲ በሌላ ሞገድ የታወከ ከሆነ መልእክቱ እስከሚቀጥለው ቅያሪ ድረስ ይታገታል። በአሜሪካ ከ902 እስከ 928 ሜጋኸርዝ ባለው ባንድ፣ ጠባብ ቻናል ላላቸው ሬዲዮዎች ሕጉ በ20 ሰከንድ ውስጥ በአንድ ቻናል ላይ ከ0.4 ሰከንድ በላይ መቆየትን አይፈቅድም፤ ይህም ጣሪያ እንጂ የሚመከር መጠን አይደለም። በነገራችን ላይ ለዚህ ባንድ የተሠራን ዕቃ ወደ ኢትዮጵያ አምጥቶ መትከል ሌላ ችግር ይፈጥራል፤ ከ890 እስከ 915 ያለውን የጂኤስኤም ሞባይል ስልኮች ይልኩበታልና።

ሪፒተር (ሲግናሉን ተቀብሎ ወደ ሩቅ የሚያስተላልፍ ሬዲዮ) ሲጨመር ደግሞ፣ አንዱ ሬዲዮ ሰምቶ መልሶ ስለሚልክ፣ የዳታው መጠን በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ ከዲዛይኑ ጀምሮ መታሰብ አለበት።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን የሞድባስ አርቲዩ፣ ማለትም የመቆጣጠሪያ መሣሪያዎች እርስ በርስ የሚጠያየቁበት የመልእክት ሥርዓት፣ ጉዳይ ነው። በሰከንድ 9600 ቢት ፍጥነት 4 ሚሊሰከንድ ያህል ዝምታ የመልእክት ማብቂያ ምልክት ነው። ሬዲዮው መልእክቱን በሁለት ፍሪኩዌንሲዎች ከፍሎ ከላከው በመሃል የሚፈጠረው ክፍተት መልእክቱን ያቋርጠዋል፤ ፒኤልሲውም (በጣቢያው ያለው የመቆጣጠሪያ ኮምፒውተር) መልስ አይሰጥም። ሲግናሉ ጠንካራ ሆኖ ሳለ አንቴና መቀየር እዚህ ላይ ከንቱ ድካም ነው። የፓኬቱን ከፍተኛ መጠን ሙሉ መልእክት እንዲይዝ ማስተካከል ይበቃል፤ ጥቂት ቢያዘገይም መዘግየቱ የታወቀ ይሆናል።

ከዚህ የሚብሰው የማስተሩን (ጥያቄ የሚልከውን መሣሪያ) መልስ የመጠበቂያ ጊዜ፣ ሬዲዮው ደጋግሞ ለመላክ ከሚወስድበት ጊዜ አሳጥሮ መወሰን ነው። የሞድባስ አርቲዩ ምላሽ የየትኛው ሬጅስተር (አንድ ንባብ የሚቀመጥበት የማስታወሻ ቦታ) ዋጋ እንደሆነ አይናገርም። ስለዚህ ዘግይቶ የደረሰ የግፊት ንባብ ቀጥሎ ለተጠየቀው የውኃ ከፍታ መልስ ተደርጎ ሊወሰድ ይችላል፤ የስህተት መፈተሻውም ትክክል ስለሆነ ማንም አያስተውለውም። የመጠበቂያውን ጊዜ ለመወሰን አማካዩን መዘግየት ሳይሆን፣ መስመሩ በሚጨናነቅበት ሰዓት የተመዘገበውን ረጅሙን መዘግየት መውሰድና ከዚያም በላይ የተወሰነ ትርፍ ጊዜ መተው ያስፈልጋል።