30 ፐርሰንት እያለ የሚጠፋ ስልክ

ኬብልና ቻርጀር ቀይራችሁ፣ ስልኩን አጥፍታችሁ አብርታችሁ እንደሞከራችሁ እቆጥራለሁ። ከዚያ በኋላ ላለው ነው የምጽፈው።

ቻርጅ ገባ ወጣ ካለ ቀዳዳውን በመብራት እዩት። የኪስ ብናኝ ታጭቆበታል። በስቴኪኒ ቀስ ብላችሁ አውጡት። በመርፌ አይደለም! በመርፌ የጎረጎረ ሰው ቀዳዳውን ሊያስቀይር ይመጣል።

ቻርጁ ከ80 ፐርሰንት በኋላ ቀስ ካለ ብልሽት አይደለም። ባትሪው ወደ ቮልት ጣሪያው ሲጠጋ ስልኩ ራሱ ከረንቱን ይቀንሳል።

ጀርባው ካበጠ ውስጡ ጋዝ ነው። አትጫኑት። አትብሱት። ቻርጅ አታድርጉት።

አሁን ወደ ዋናው። አዳማ ውስጥ በብዛት የሚመጣልኝ ይሄ ነው፤ ከሚያመጡትም ብዙዎቹ ባለ ባጃጅ ናቸው። በቀደም አንዱ መጣ። «አለቃ፣ 30 ላይ ነኝ እያለ ካሜራ ስከፍት ድርግም ይላል። ቻርጅ ስሰካው ደግሞ 28 ይለኛል።» ስልኩን የት እንደሚያስቀምጠው ጠየቅኩት። ፊት ለፊት መስታወቱ ሥር፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ፣ ቻርጀር እንደተሰካበት።

ባትሪውን አውጥቼ በቴስተር ለካሁት፤ 3.75 ቮልት። «ደህና ነው እኮ!» አለኝ። ዝም ብሎ ሲቀመጥማ ደህና ነው። ሮቶው ሙሉ ሆኖ ቧንቧው የዛገ ቤት አስቡ። አንድ ሰው ሲከፍት ይወርዳል፣ ሁለተኛው ሲከፍት ቀጥ ይላል። ባትሪም ሲያረጅ የውስጥ ሬዚስታንሱ፣ ማለትም እንደ ዛገው ቧንቧ ከረንቱን የሚያንቀው ነገር፣ ይጨምራል፣ ሙቀት ደግሞ እርጅናውን ያፈጥነዋል። ካሜራና ፍላሽ አንድ ላይ ሲበሩ ስልኩ 2 አምፒር ሳበ እንበል። ሬዚስታንሱ 0.1 ኦም ከሆነ 0.2 ቮልት ብቻ ይወርዳል፤ ማንም ልብ አይለውም። 0.4 ኦም ከደረሰ ግን 0.8 ቮልት ይወርዳል። 3.75 የነበረው 2.95 ይሆናል፣ ስልኩም ይጠፋል። ከጠፋ በኋላ የሚስበው ስለሌለ ቮልቱ ተመልሶ ይወጣል። 28 ያለው ለዚህ ነው፤ ስልኩ አልዋሸም።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ቻርጀር ሰክታችሁ ካሜራና ፍላሹን ክፈቱ። ካልጠፋ ጥፋተኛው ባትሪው ነው። ተሰክቶም ከጠፋ ወደ ቦርዱ እንሄዳለን፣ እሱ ግን እምብዛም አይገጥመኝም። «ባትሪ አስተካክላለሁ» የሚል አፕ አትጫኑ። አፕ ኬሚካል አያድስም።

መፍትሄው ባትሪ መቀየር ነው። ችግሩ ምን ዓይነት ባትሪ የሚለው ላይ ነው። እኔም አንዴ ተበልቻለሁ። ላዩ ላይ 6000 ሚሊአምፒር ሰዓት (የመያዝ አቅሙ ነው) የሚል ባትሪ በርካሽ ገዝቼ ገጠምኩ፤ ሁለት ወር ሳይሞላው ደንበኛው ተመለሰ። ጎረቤቴ ወርቅ ሠሪ ነው፣ ሚዛኑ ላይ አስቀመጥነው፤ 41 ግራም። 5000 የሚል ደህና ባትሪ እንኳ ክብደቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ60 ግራም ያልፋል። ጽሑፍ ማንም ያትማል፤ ክብደት ግን ከየት ይመጣል? ከዚያ ወዲህ ሳልመዝን አልገዛም።

ለባለ ባጃጁ ባትሪውን ቀይሬለት በደንብ አስጠነቀቅኩት፦ ስልኩን ከፀሐይ አርቀው፣ ሲግል አትሰካው፣ ማታ ትራስ ሥር አታድርገው። «እሺ እሺ» ብሎ ሄደ። ትናንት በሱቄ በር ሲያልፍ አየሁት። ስልኩ መስታወቱ ሥር ነው፣ ኬብሉም ተሰክቷል።