በኢንፍራሬድ ምስል ሩቅ የጋላክሲ ክላስተር እንዴት ይፈለጋል?

የጋላክሲ ክላስተር በስበት የተሳሰሩ ጋላክሲዎች ክምችት ነው። የጠፈር መስፋት የሩቅ ጋላክሲን ብርሃን ይለጥጠዋል፤ የመለጠጡ ልክ ሬድሺፍት ይባላል። የከዋክብት ብርሃን 1.6 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር ሺህኛ ነው) የሞገድ ርዝመት አካባቢ ጉብታ፣ ማለትም የድምቀት ጫፍ፣ አለው። ሬድሺፍቱ ከ1.3 ሲያልፍ ጉብታው ወደ 4 ማይክሮን ስለሚጠጋና የ4.5 ማይክሮኑ ብርሃን ከ3.6ቱ አንጻር ስለሚጎላ ሁለት ምስል ብቻ ይዞ ፍለጋ መጀመር ይቻላል።

መጀመሪያ ከናሳ የኢንፍራሬድ መዝገብ (ኢርሳ) የስፒትዘር ጠፈር ቴሌስኮፕን የ3.6 እና የ4.5 ማይክሮን ምስሎች ከነሽፋን ካርታቸው (እያንዳንዱ ቦታ ምን ያህል እንደታየ ከሚያሳየው) በነፃ ያውርዱ። ለልምምድ በሴተስ ህብረ ከዋክብት የሚገኘው፣ ሬድሺፍቱ 1.62 የሆነው ክላስተር ሲኤልጂ 0218.3-0510 ጥሩ ነው።

ቀጥሎ ሶርስ ኤክስትራክተር በተባለው ፕሮግራም ጋላክሲዎቹን በ4.5ቱ ምስል ላይ ብቻ ይለዩ፤ ብርሃናቸውን ግን በሁለቱም ምስሎች፣ በዚያው ቦታ፣ 4 አርክሰከንድ (አንዱ የዲግሪ 3600ኛ ነው) ስፋት ባለው ክብ ይለኩ። ምስሉ በሜጋጃንስኪ በስቴራዲያን (የሰማይ ድምቀት መለኪያ) ከሆነና ፒክሰሉ 0.6 አርክሰከንድ ከሆነ ልኬቱን ወደ ማግኒቲዩድ (ቁጥሩ ሲያንስ ድምቀቱ የሚጨምርበት መለኪያ) የሚቀይረው ዜሮ ነጥብ በኤቢ ስርዓት 21.58 ነው።

ከዚያ የ3.6ቱ ማግኒቲዩድ ሲቀነስ የ4.5ቱ ከ-0.1 የሚበልጠውን ይምረጡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ይህ ቁጥር ለኤቢ ስርዓት ነው፤ በቬጋ ኮከብ ላይ በተመሠረተው በሌላው የማግኒቲዩድ ስርዓት (በቬጋ) +0.37 ይሆናል። በቬጋ ልኬት ላይ -0.1ን ከተጠቀሙ ቀለማቸው (የሁለቱ ማግኒቲዩዶች ልዩነት) ዜሮ አካባቢ የሆነ የራሳችን ጋላክሲ ከዋክብት ሁሉ ይገባሉ። ልኬቱ ትክክል ሆኖም ሬድሺፍታቸው 0.3 ገደማ የሆነ አቧራማ ጋላክሲዎች ሾልከው ያልፋሉ፤ በሚታይ ብርሃን ደማቅ ስለሆኑ በዚያ ያስወግዷቸው።

አሁን በእያንዳንዱ የተመረጠ ጋላክሲ ዙሪያ በ1 አርክሚኒት (60 አርክሰከንድ) ራዲየስ ውስጥ ስንት እንዳሉ ይቁጠሩ። በሬድሺፍት 1.6 ይህ 1.6 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ነው። በዘፈቀደ በተመረጡ ነጥቦችም እንዲሁ ቆጥረው ያነጻጽሩ። የምስሉን ጠርዝና የደማቅ ኮከብ ዙሪያን ከቆጠራው ሳያስወጡ መቁጠር የሌለ ክላስተር ይፈጥራል።

የተገኘው ክምችት እስካሁን እጩ እንጂ ክላስተር አይደለም። በአንድ አቅጣጫ ፊትና ኋላ የተሰለፉ ጋላክሲዎችም ክምችት ይመስላሉ፤ የሚለያቸው ስፔክትረም፣ ማለትም በሞገድ ርዝመት የተዘረጋ ብርሃናቸው፣ ነው። በ1.62 የሃይድሮጅን አልፋ መስመር 1.72 ማይክሮን ላይ ይፈለጋል።

አዳዲስ ከዋክብት የሚያሞቁት አቧራ ስለሚያበራበት የኮከብ ውልደትን ለመለካት የ24 ማይክሮን ምስል ያስፈልጋል። በ2010 የታተመ ጥናት በዚሁ ክላስተር ወደ ጥቅጥቁ መሃል ሲቀርቡ ኮከብ የሚወልዱ ጋላክሲዎች ድርሻ እንደሚጨምር አሳይቷል፤ በቅርብ ክላስተሮች የሚታየው ተቃራኒው ነው። ሆኖም በ24 ማይክሮን የስፒትዘር ጥራት 6 አርክሰከንድ ብቻ ስለሆነ በተጨናነቀው መሃል ጎረቤታሞች አንድ ሆነው ይታያሉ፣ ውልደቱም ያለልኩ ይገዝፋል። ስለዚህ ቦታቸውን ከ3.6ቱ ምስል ወስደው ብርሃኑን ያከፋፍሉ፤ አቧራውን የሚያሞቀው ጥቁር ጉድጓድ እንዳይሆንም በኤክስሬይ ያጣሩ።