በሴት ክብር ላይ ወሬ ሲደርስዎ
የአንዲት ሴት የዝሙት ወሬ ከደረሰዎ እርስዎ ጋ ይቁም። «ለማጣራት» ብሎ ለሌላው መንገርም ማሰራጨት ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቀጥለው «ይህ ግልጽ ቅጥፈት ነው» ይበሉ፤ በነቢዩ ሙሐመድ ባለቤት በእናታችን ዓኢሻ ላይ በተወራ ጊዜ የቁርኣኑ ምዕራፍ ሱረቱ አን-ኑር (24፥12) ከምእመናን የፈለገው ይህንኑ ነበር።

አራት የዓይን ምስክር ያላቀረበ ከሳሽ ቅጣቱ 80 ግርፋት ነው፤ ምስክርነቱም ከዚያ ወዲያ ተቀባይነት የለውም (24፥4)። ሦስት ምስክር አይበቃም። የሚፈርደው ግን ቃዲ (የሸሪዓ ዳኛ) እንጂ ዘመድ ወይም ጎረቤት አይደለም። ባል ሚስቱን ከከሰሰ መንገዱ ሊዓን ነው፦ አራት ጊዜ በአላህ ምሎ ይመሰክራል፣ በአምስተኛው ዋሽቶ ከሆነ እርግማኑን በራሱ ላይ ይጠራል። እሷም በተመሳሳይ መንገድ ምላ ከቅጣት ትድናለች።

ስሟን ያጠፉት እርስዎ ከሆኑ በልብ መጸጸት ብቻውን አይበቃም፤ ባወሩላቸው ሰዎች ፊት ውሸት መሆኑን በግልጽ ይናገሩ።