እሁድ ከሰዓት ያየነው ኮንዶሚኒየም

ከአራት ኪሎ ለቅቄ አዲስ አበባ ዳር ወዳለው ኮዬ ፈጬ ስገባ ቤቱን ያየሁት እሁድ ከሰዓት ነበር። መንገዱ ጭር ብሏል። ልጆች በብሎኮቹ መሃል ኳስ ይጫወታሉ። ደላላው መስኮቱን ከፍቶ «አየሩን እየው እስቲ!» አለኝ። አየሩ እውነትም ጥሩ ነው። ከሜክሲኮ የደረስኩትም በ40 ደቂቃ ነው። ከገባሁ በኋላ የመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት ያው መንገድ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ቀረው።

ለገሃር፣ ስታዲየም ወይም ፒያሳ የሚሠራ ሰው እዚያው አካባቢ ቤት መከራየት ካቃተው ቆይቷል። በ2016 የኮሪደር ልማቱ ሲጀመርም ከፒያሳ የተነሱ ብዙ ቤተሰቦች ከከተማው ዳር ወዳሉ የኮንዶሚኒየም ሳይቶች ገብተዋል። ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ፣ ኮዬ፤ መሃል ከተማ እየሠራ እዚያ የሚያድር ሰው ብዙ ነው። እኔና ጓደኞቼ እዚያ ቤት ስንከራይ የሠራናቸውን ስህተቶች ልዘርዝርላችሁ። አንዳንዶቹን ሁለቴ ሠርተናቸዋል።

እሁድ አይቶ ሰኞ መፈረም

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። የምትከራዩት ቤቱን ብቻ አይደለም፤ መንገዱንም ጭምር ነው። ከመፈረማችሁ በፊት አንድ የሥራ ቀን መሥዋዕት አድርጉ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሳይቱ ውስጥ ካለው ታክሲ መያዣ ተሰለፉ። ሰልፉ ስንት ደቂቃ ፈጀ? ታክሲው በቀጥታ ወደምትሠሩበት ይሄዳል ወይስ መሃል ላይ ትቀይራላችሁ? ማታ ደግሞ 12 ሰዓት ላይ ከሜክሲኮ ወይም ከስታዲየም ተመለሱ። የማታው ከጠዋቱ ይብሳል። ጠዋት ታክሲው ከሳይቱ ይነሳል፣ ማታ ግን እናንተ ናችሁ ታክሲ የምታሳድዱት።

«ባቡር አለ እኮ» የሚል ደላላ አይጠፋም። ልክ ነው፣ ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደው ቀላል ባቡር ከ2008 ጀምሮ አለ። ግን ከቦሌ አራብሳ ወይም ከየካ አባዶ አያት ጣቢያ ለመድረስ ራሱን የቻለ ታክሲ ያስፈልጋል። «ባቡር አጠገብ» ሲባል ከየትኛው ብሎክ እስከ የትኛው ጣቢያ እንደሆነ ጠይቁ፤ ቢቻል በእግራችሁ ሂዱት።

ሒሳቡንም ሥሩ። እኔ ኮዬ ስገባ ኪራዩ በወር 4 ሺህ ብር ቀነሰልኝ፤ ደስ አለኝ። ለትራንስፖርት የጨመርኩት በቀን 120 ብር ነው። በ26 የሥራ ቀን ሲባዛ 3 ሺህ 120 ይሆናል። ከቀረችው 880 ብር ላይ ሲመሽ የሚያዘውን ራይድ ስትቀንሱ ምን እንደሚተርፍ እናንተው አስቡት። በቀን ውስጥ መንገድ ላይ የማሳልፈውን ሦስት ሰዓት ተኩል አልቆጠርኩትም። ባለቤቴ ግን ቆጥራዋለች።

ስለ ውሃ ባለቤቱን መጠየቅ

ባለቤቱ ምን ሊላችሁ ነው? «ውሃ አለ፣ ችግር የለም» ነው የሚላችሁ። አልዋሸም፣ ቧንቧ አለ። ጥያቄው በሳምንት ስንት ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ እስከ ስንተኛ ፎቅ ይደርሳል የሚለው ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ግፊቱ ደከም ሲል አንደኛ ፎቅ ያለው ሰው ልብስ ያጥባል፣ አራተኛ ፎቅ ያለው ደግሞ ቧንቧው ፉጨት ሲያሰማ ያዳምጣል። ከ20/80 ኮንዶሚኒየሞች ብዙዎቹ አሳንሰር የላቸውም። ስለዚህ ጄሪካኑ በደረጃ ነው የሚወጣው።

መጠየቅ ያለበት ጥበቃው ነው። እኔ ሁለተኛውን ቤት ስፈልግ ከበሩ ላይ ሰላምታ ሰጥቼ «ጋሼ፣ እዚህ ብሎክ ውሃ መቼ መቼ ነው የሚመጣው?» አልኳቸው። ትንሽ አዩኝና «ስንተኛ ፎቅ ልትገባ ነው ልጄ?» አሉኝ። አራተኛ ስላቸው ሳቁ። ከዚያ በኋላ ምንም መጨመር አላስፈለጋቸውም።

ደረጃውንም ተመልከቱ። በየበሩ ጄሪካን የተደረደረበት ፎቅ መልሱን ይነግራችኋል። ሮቶ ካለ የማን ነው? የብሎኩ የጋራ ነው ወይስ ተከራይ በራሱ የገዛው? ፓምፕ ካለ የመብራቱን ማን ይከፍላል? ይሄንን ሁሉ ከጎረቤት የምትሰሙት ቡና ሳይፈላ ነው። ሰው ስለ ውሃ ማውራት ይወዳል።

ምጣዱን መርሳት

መብራት መኖሩን ማየት ብቻ አይበቃም፤ ምን ያህል እንደሚሸከምም ማየት ያስፈልጋል። የእንጀራ ምጣድ ወደ 3 ሺህ 500 ዋት ይስባል። መስመሩ ደካማ ከሆነ ምጣዱ ሲሰካ ብሬከሩ ይወርዳል፣ ወይም ሶኬቱ መቅለጥ ይጀምራል። አንዳንድ ሳይት ላይ ለዚህ ብለው የጋራ መጠቀሚያ ሕንፃ ሠርተዋል፤ ሥራ ላይ መሆኑን ግን በዓይናችሁ እዩ። የእኛ ሳይት ላይ ያለው ከውጭ ተቆልፎ ነው የኖረው።

ቆጣሪው ለብቻ ነው ወይስ የጋራ? የጋራ ከሆነ ሒሳቡ የሚካፈለው በክፍል ነው ወይስ በሰው? የቀድሞው ተከራይ ያልከፈለው የውሃም ሆነ የመብራት ዕዳ አለመኖሩንም አረጋግጡ። ቁልፍ በተቀበላችሁ ቀን የቆጣሪውን ቁጥር በስልክ ፎቶ አንሱት። አምስት ሰከንድ ነው የሚፈጀው።

የቤቱን ባለቤት ሳያውቁ ገንዘብ መስጠት

አዳዲስ ሳይቶች ላይ ይሄ ከሁሉም በላይ ሰው ያስለቅሳል። ዕጣ የደረሰው ሰው ውጭ አገር ሊሆን ይችላል። ቤቱን የያዘው ወንድሙ ነው፣ ቁልፉ ግን ጎረቤት ጋ ነው፣ የሚያከራየው ደግሞ ደላላው ነው። አንዳንዴ አከራይ መስሎ የቀረበው ሰው ራሱ ተከራይ ሆኖ ይገኛል።

ካርታውን ወይም ከከተማው የቤቶች መሥሪያ ቤት ጋር የተፈረመውን ውል እና የባለቤቱን መታወቂያ አይታችሁ ስሙን አስተያዩ። «ወኪል ነኝ» ካለ፣ በሰነዶች ማረጋገጫ የጸደቀ ውክልና ይኑረው፤ ውክልናው ማከራየትንና ኪራይ መቀበልን የሚፈቅድ መሆኑንም አንብቡ። «ካርታው ባንክ ነው» የሚባለው እውነት ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ኮንዶሚኒየም የባንክ ብድር አለበት። እንደዚያም ሆኖ ባለቤቱ ጋ የሚቀር ወረቀት አለ። ምንም ወረቀት የሌለው ሰው ግን ቀብድም አይገባውም። «ሌላ ሰው ሊወስደው ነው» ተብሎ ሲጣደፍባችሁ፣ ይውሰደው።

ውሉን ለአከራዩ ብቻ መተው

መጋቢት 24 ቀን 2016 የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ብዙ ነገር ይለውጣል፤ የሚያነበው ግን ጥቂት ሰው ነው። ዋና ዋናው ይሄ ነው። የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ አይደረግም። ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም፤ «የስድስት ወር በአንዴ» የሚሏችሁን ሕጉ አይደግፋቸውም። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ኪራዩ የሚከፈለው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል በዓመት ከሚያሳውቀው መጠን አያልፍም።

እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት በጣም የተለመደ ነው። አከራዩ ግብር ለመቀነስ ብሎ «ውሉ ላይ 8 ሺህ እንጻፍ፣ አንተ 14 ትከፍላለህ» ይላል። ተከራዩም ቤቱን እንዳያጣ እሺ ይላል። ከዚያ በኋላ ያቺ 6 ሺህ ብር የት እንደገባች የሚያሳይ ምንም ማስረጃ የለም። ስትጣሉ ክርክራችሁ በ8 ሺው ላይ ብቻ ነው። ጓደኛዬ እንዲህ ፈርሞ ነበር። ሲወጣ የተመለሰለት ቅድመ ክፍያ ወረቀቱ ላይ ባለው ልክ ነው፤ የከፈለው ግን በእውነተኛው ልክ ነበር።

«ፊኒሺንጉን አንተ ሥራ፣ ከኪራይ ይታሰባል»

በብዙ ሳይት ቤቱ የሚረከበው ያለ ሴራሚክ፣ ያለ ኪችን ካቢኔት፣ አንዳንዴም ያለ ውስጥ በር ነው። አከራዩ ገንዘብ የለውም፤ እናንተ ቤት ያስፈልጋችኋል። ስምምነቱ ሲሰማ ጥሩ ነው፤ አንዳንዴም እውነት ጥሩ ይሆናል። እኔም ሠርቼዋለሁ።

የኔ ጥፋት የሥራውን ዋጋ በቃል መተው ነበር። ሴራሚክ አስነጠፍኩ፣ መታጠቢያውን አስገጠምኩ፣ ቀለም አስቀባሁ። ሒሳቡ ሲመጣ አከራዬ «እኔ ይሄን ውድ ሴራሚክ ግዛ አላልኩህም» አለኝ። እሱም አልተሳሳተም፣ አላለኝም። እኔም አልጠየቅኩትም።

ስለዚህ የሚሠራው ሥራ ይዘርዘር፤ ስንት ካሬ፣ ምን ዓይነት ዕቃ፣ እስከ ስንት ብር። ከየወሩ ኪራይ ምን ያህል እንደሚቀነስና በስንት ወር እንደሚያልቅ ይጻፍ። ደረሰኞቹ ይያዙ። ውሉ ከመሃል ቢቋረጥ ያልተመለሰው ገንዘብ ምን ይሆናል የሚለውም አይረሳ። ቤቱ ሲያምር የሚሸጥ ቤትም ይሆናል፤ ያ ቀን ሳይመጣ ነው መጻፍ ያለበት።

ጥቃቅኖቹ

የብሎኩ ማህበር ለጥበቃና ለጽዳት የሚሰበስበውን ማን ይከፍላል? ካሁኑ ይለይ። ከቀድሞው ወረዳ መሸኛ አውጡ፣ መታወቂያም ሆነ የልጅ ትምህርት ቤት ሲመጣ ይጠየቃል። ሰፈሩ ሸገር ከተማ ሥር ከሆነ ደግሞ ጉዳያችሁ የሚያልቀው አዲስ አበባ አይደለም፤ ከውጭ ሲታይ ድንበሩ አይለይም። የደላላው ኮሚሽን ከመነሻው በብር ይነገር። ባለቤቱም እናንተም ከከፈላችሁት ሁለት ጊዜ በላ ማለት ነው።

ጫኝና አውራጁን መርሳት

የመጨረሻው ነገር ገንዘብ ሁሉ ካለቀ በኋላ የሚመጣ ነው። አይሱዙው ሳይቱ በር ላይ ሲቆም ወጣቶች ከበው «የሰፈሩ ጫኝና አውራጅ እኛ ነን» ይላሉ። የተጠራው ዋጋ ከመኪናው ኪራይ ሲበልጥ አይቻለሁ። ወንድሞቼ ይረዱኛል ብላችሁ ከመጣችሁ ጭቅጭቁ ይረዝማል፣ ሹፌሩም የሚቆምበትን ሰዓት ይቆጥራል።

ከዕቃው አንድ ቀን ቀድማችሁ ሂዱ። ጥበቃው ጋ ጠይቁ፤ የጫኝና አውራጆቹን ኃላፊ አግኙ፤ ስንት ፎቅ እንደሆነ፣ ቁምሳጥን፣ ፍሪጅና አልጋ እንዳለ ተናግራችሁ ዋጋውን ጨርሱ። እኔ ይሄን ሳላደርግ ቀርቼ ፍሪጄ ሁለት ሰዓት ሙሉ መሬት ላይ ቆሞ ነበር። በመጨረሻ ያወጡት እነዚያው ልጆች ናቸው፣ መጀመሪያ በጠሩት ዋጋ።