ከጀጎል አጠገብ ሆቴል ሊሠራ ነው ሲባል ነዋሪው ጥያቄውን እንዴት ያቅርብ?

ሐረር ውስጥ ወሬ ከወረቀት ይቀድማል። አሮጌውን ከተማ ከከበበው የጀጎል ግንብ በሮች በአንዱ አጠገብ ባለ ክፍት ቦታ ላይ ሁለት ሰዎች ሜትር ዘርግተው ከታዩ፣ ከሰዓት በኋላ ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ሆቴሉ ስንት ፎቅ እንደሚሆን፣ ባለሀብቱ የማን ዘመድ እንደሆነና ማን ከቤቱ እንደሚነሳ ተወርቶ ያልቃል። ወሬው መብዛቱ አይደለም ክፋቱ፤ ወደ ማመልከቻ ሳይለወጥ ፈቃዱ ተሰጥቶ ማለቁ ነው። ቆርቆሮ ከታጠረና ቁፋሮ ከተጀመረ በኋላ የሚሰበሰብ ፊርማ ብዙ ጊዜ የሚያስገኘው «ቅሬታችሁን ተቀብለናል» የሚል መልስ ብቻ ነው።

ሆቴል በራሱ ጠላት አይደለም። ሐረር እንግዳ የሚያድርበት አልጋ ያስፈልጋታል፣ ወጣቱም ሥራ ይፈልጋል። ከታች ያለው፣ ስለ አንድ የታሰበ ሆቴል ስጋት ያለው ነዋሪ ጥያቄውን መቼ፣ የትና በምን ቃል ቢያቀርብ እንደሚደመጥ የሚያሳይ ቅደም ተከተል ነው።

1. መጀመሪያ ወረቀቱን ፈልጉ

ከተቃውሞ በፊት ምን እንደታሰበ እወቁ። ማዘጋጃ ቤቱ ዘንድ የቦታውን ፕላንና የታሰበውን የፎቅ ብዛት፣ ኢንቨስትመንት ቢሮው ዘንድ የፕሮጀክቱን ደረጃ፣ አካባቢ ጥበቃው ዘንድ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ መቅረቡንና አለመቅረቡን፣ ባህልና ቅርሱ ዘንድ ደግሞ አስተያየት ተጠይቀው እንደሆነ ጠይቁ። አራቱም ቢሮዎች አንድ ዓይነት መልስ ከሰጡ ዕድለኞች ናችሁ። ብዙውን ጊዜ አንዱ «አልመጣልንም» ሲል ሌላው «ጨርሰናል» ይላል። ይህ ልዩነት ራሱ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ ይሆናል፤ ማን፣ በየትኛው ቀን፣ ምን እንዳለ ጻፉት።

በቃል ጠይቃችሁ «ነገ ተመለሱ» ከተባላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀናት ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ጥያቄው ለሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ ይቀርባል። መልስ ከተከለከላችሁ ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም መሄድ ትችላላችሁ።

ወረቀት ስታስገቡ ሁለት ቅጂ ያዙ። አንዱ መዝገብ ቤት ይቀራል፤ ሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም አስመትታችሁ ወደ ቤት ትወስዳላችሁ። ማህተም የሌለበት ማመልከቻ በኋላ «አልደረሰንም» ለሚል ሰው መንገድ ይከፍታል።

2. ስጋታችሁን በቁጥር አስቀምጡት

አብዛኛው አቤቱታ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። «ሆቴሉ አካባቢያችንን ይጎዳል» የሚል ዓረፍተ ነገር ፋይል ውስጥ ይገባና እዚያው ይቀራል። መሐንዲስ ወይም የቢሮ ኃላፊ መልስ ለመስጠት የሚገደደው መጠን፣ ርቀትና ጊዜ ለያዘ ጥያቄ ነው።

በውሃው እንጀምር፤ ሐረር ላይ ከውሃ የሚበልጥ ጥያቄ የለምና። የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሲደርቅ ከተማዋ ዋና የውሃ ምንጯን አጥታ፣ በኋላ ከድሬዳዋ በኩል ከጉድጓድ በሚሳብ ውሃ ላይ ጥገኛ ሆናለች። ፈረቃ ጠብቆ ጀሪካን የሚሰለፍ ሰው የሆቴል ወሬ ሲሰማ መጀመሪያ የሚያስበው ቧንቧውን ነው። ይህን ስጋት በሒሳብ ተናገሩ። ለምሳሌ ሆቴሉ 60 ክፍሎች አሉት እንበል። ለአንድ ክፍል በቀን 300 ሊትር ብንገምት፣ ሁሉም ክፍል በተያዘበት ቀን 18,000 ሊትር ይሆናል፤ በ20 ሊትር ጀሪካን ሲቆጠር 900 ጀሪካን ማለት ነው። የልብስ ማጠቢያውና ወጥ ቤቱ ገና አልተቆጠሩም። ጥያቄው እንግዲህ እንዲህ ይሆናል፦ «ይህ ውሃ ከየት ይመጣል? ከከተማው መስመር ከሆነ የሰፈራችን ፈረቃ በስንት ቀን ይራዘማል? ጉድጓድ የሚቆፈር ከሆነ ጥልቀቱና ፈቃዱ የት አለ? በቦቴ የሚመጣ ከሆነ ባለ 10,000 ሊትር ቦቴ በቀን ሁለት ጊዜ በየትኛው መንገድ ይገባል?» ይህን የጻፈ ሰው እምቢ አላለም፤ መልሱ ግን የግድ ቁጥር መሆን አለበት።

ሁለተኛው ከፍታ ነው። የጀጎል ግንብ አራት ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፤ ውስጡ ያሉት ቤቶችም አብዛኞቹ ባለ አንድ ወይም ባለ ሁለት ደርብ ናቸው። አንድ ፎቅ ሦስት ሜትር ተኩል ብንለው፣ ጂ+4 (ምድር ቤትና ከላዩ አራት ፎቅ ያለው) ሕንፃ ጣሪያውን ሳይጨምር ከ17 ሜትር ያልፋል፤ ግንቡን ከአራት እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። ይህን ለማሳየት ባለሙያ መቅጠር አያስፈልግም። ከሐኪም ተራራ በኩል ወይም ከተለመደው የመግቢያ መንገድ ላይ ሆናችሁ ቦታውን ፎቶ አንሡ፤ ፎቶው ውስጥ ቁመቱ የሚታወቅ ነገር፣ ለምሳሌ የመብራት ምሰሶ፣ ይግባ። ከዚያ ፎቶውን አትማችሁ በምሰሶው ልክ እየቆጠራችሁ ሕንፃው የሚደርስበትን መስመር በእስክሪብቶ አስምሩ። ሥራው ሻካራ ነው፤ ግን መስመሩ የመስጊዱን ሚናራ አልፎ ሲሄድ የሚያይ የኮሚቴ አባል ያለ ማብራሪያ ይገባዋል።

ፍሳሹ ወዴት እንደሚሄድ፣ የሴፕቲክ ታንኩ መጠንና በስንት ጊዜ እንደሚመጠጥ ጠይቁ፤ ከግንቡ በታች፣ በኤረር አቅጣጫ ያሉ ገበሬዎች ይህ በቀጥታ ይመለከታቸዋል። የጄኔሬተሩ ቦታ፣ የምሽት ሙዚቃው ሰዓትና ከመስጊድ ወይም ከአውሊያ (የቅዱሳን አባቶች) መካነ መቃብር ያለው ርቀትም ይካተት። ጅቦቹም አይረሱ። ማታ ማታ በግንቡ ቀዳዳዎች ገብተው ቆሻሻ የሚያጸዱት ጅቦች የሚመላለሱበት መንገድ ላይ አጥርና ደማቅ መብራት ቢቆም መንገዳቸውን ወደ ማን ደጃፍ እንደሚያዞሩ ማንም አስቀድሞ አላጠናም። ለሌላ ከተማ ይህ ቀልድ ይመስላል፤ እዚህ ግን የቱሪስት ገቢም ነው።

3. ስብሰባውን በትክክል ጥሩ

አፎቻው (የሐረሪዎች የመረዳጃ ማኅበር) እና እድሩ ተዘጋጅተው ይጠብቋችኋል። ከእነሱ የተሻለ የስብሰባ መዋቅር በአንድ ሳምንት ውስጥ ማቋቋም አይቻልም፤ አዲስ ኮሚቴ ከመፍጠር ይልቅ በእነሱ በኩል ጥሪ አስተላልፉ። ጥሪው በሐረሪ፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይሁን። በጀጎል ውስጥ ቤታቸውን ለእንግዳ የሚያከራዩ ሴቶች፣ አስጎብኚዎች፣ የባጃጅ ሾፌሮች፣ በመኪና ግርግር መንገድ ላይ የሚሰፉ ልብስ ሰፊዎች፣ ከግንቡ ውጭ ያሉ ገበሬዎች ሁሉም የየራሳቸው ጉዳይ አላቸው፤ ፍላጎታቸውም አንድ አይደለም።

ሆቴሉን የሚደግፉትን አትከልክሉ። ሥራ የሚፈልገው ወጣት ከስብሰባው ውጭ ከቀረ፣ በማግሥቱ ባለሀብቱ የሚያቀርበው «የሕዝብ ድጋፍ» እሱ ይሆናል። ገብቶ ከተናገረ ግን «ከሠራተኞቹ ስንቱ ከሰፈራችን ይቀጠራሉ? በጽሑፍ ይሰጠን» የሚለው ጥያቄ የሁላችሁም ይሆናል።

ቃለ ጉባኤ ያዙ። የተገኙት ሰዎች ስም፣ የመኖሪያ ወረዳና ፊርማ ከቃለ ጉባኤው ጋር በአንድ ገጽ ይጀምር። ለየብቻ በባዶ ወረቀት የተሰበሰበ ፊርማ ለምን እንደተፈረመ ስለማያሳይ በቀላሉ ይጣላል።

4. ማመልከቻው

ከአንድ ገጽ አይለፍ። የሚከተለውን መነሻ አድርጉ፦

«ጉዳዩ፦ ከግንባታ ፈቃድ በፊት መረጃና ምላሽ እንዲሰጠን ስለመጠየቅ

እኛ ስማችንና ፊርማችን ከዚህ ጋር የተያያዘው የ____ ወረዳ ነዋሪዎች፣ በ____ በር አካባቢ ሊገነባ የታሰበውን ሆቴል በሚመለከት በ____ ቀን ተወያይተናል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 እና አንቀጽ 92 ንዑስ አንቀጽ 3 መሠረት፣ በቀጥታ በሚመለከተን ፕሮጀክት ላይ ሐሳባችንን የመስጠት መብት ስላለን የሚከተሉት ጥያቄዎች ከፈቃዱ በፊት በጽሑፍ እንዲመለሱልን እንጠይቃለን፦ 1ኛ… 2ኛ… 3ኛ…

የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ሪፖርቱም አይተን አስተያየት እንድንሰጥበት ይቅረብልን።»

ከአምስት ጥያቄ በላይ አትጻፉ። ሃያ ጥያቄ ያለበት ማመልከቻ ሲመለስ ቀላሎቹ አምስቱ ብቻ መልስ ያገኛሉ። ስድብ፣ የባለሀብቱን ዘር ወይም ሃይማኖት የሚነካ ቃል፣ «በሙስና ነው» የሚል ማስረጃ የሌለው ክስ አይግባበት፤ አንድ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር መላውን ጉዳይ ወደ ፖሊስ ጉዳይ ይለውጠዋል።

5. ጊዜውን ቁጠሩ

የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ሪፖርቱ ለሕዝብ እንዲቀርብና አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዛል። ሪፖርቱ የቀረበለት መሥሪያ ቤት የሕዝቡንና የባለሙያዎችን አስተያየት ተመልክቶ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ይወስናል፦ ይፈቅዳል፣ በቅድመ ሁኔታ ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል። 15 የሥራ ቀናት ሦስት ሳምንት ናቸው። ሪፖርቱ ሲገባ የምትነግራችሁ አንዲት ስልክ ከሌለች ያልፋችኋል፤ ስለዚህ ከእናንተ አንድ ሰው በየሳምንቱ ወደ አካባቢ ጥበቃው ብቅ ማለት ይኖርበታል።

በውሳኔው ካልተስማማችሁ ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ቅሬታ ታቀርባላችሁ፤ እሱም በ30 ቀናት ውስጥ መወሰን አለበት። ጉዳዩ ብክለት ከሆነ ደግሞ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ሰፋ ያለ በር ይከፍታል። ቤታችሁ ባይነካ እንኳ፣ የግል ጥቅም እንዳላችሁ ሳታስረዱ አቤት ማለት ትችላላችሁ፤ በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካላገኛችሁ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ በ60 ቀናት ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። አዋጆች ይሻሻላሉና ክስ ከማሰባችሁ በፊት የቅርቡን ነጋሪት ጋዜጣ ያየ የሕግ ባለሙያ አማክሩ።

ከቤቱ ወይም ከይዞታው የሚነሳ ሰው ካለ የእሱ ጉዳይ ለብቻው ይያዝ። ይህን የሚገዛው የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ሲሆን የአቤቱታ ጊዜውም የራሱ ነው። ይኸው አዋጅ መልሶ በሚለማ ቦታ ላይ ያሉ ባለይዞታዎች በግል ወይም በጋራ ለማልማት ቅድሚያ እንዳላቸው ይናገራል፤ ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ካሳ ፈርሞ ወጥቷል።

6. የዓለም ቅርስነቱን በልክ ተጠቀሙበት

ሐረር ጀጎል በ1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2006) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብታለች። በቅርሱ ክልል ውስጥ ወይም አጠገብ ትልቅ ግንባታ ሲታሰብ መንግሥት፣ ውሳኔው ለመቀልበስ ሳያስቸግር በፊት ለዓለም ቅርስ ኮሚቴ እንዲያሳውቅ የዓለም ቅርስ ስምምነቱ የአሠራር መመሪያ ይጠይቃል። ነዋሪም በቀጥታ ለዓለም ቅርስ ማዕከሉ መጻፍ ይችላል፤ ማዕከሉ የደረሰውን መረጃ ወስዶ መንግሥትን ይጠይቃል።

ይህ ግን ግንባታ የሚያስቆም ፊሽካ አይደለም። ዛንዚባርን እንይ። ቱሪስት የሚያጥለቀልቃት የዚያች ደሴት አሮጌ ከተማ፣ ስቶን ታውን፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የዓለም ቅርስ ሆናለች። በባሕሩ ዳርቻ ያለው ማምቦ ምሲጌ የተባለ ታሪካዊ ሕንፃ ወደ ሆቴል ሲለወጥና አዲስ ግንባታ ሲጨመርበት ኮሚቴው በተደጋጋሚ ስጋቱን ገለጸ፤ ሆቴሉ ግን አልቆ እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ ጀመረ። መዝገቡ ላይ ያለ ስም ለድርድር ክብደት ይጨምራል እንጂ የወረዳውንና የቢሮውን ሥራ አይተካም። ስለዚህ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ግልባጭ አድርጉ፤ የዓለም ቅርስ ማዕከሉ ወዳለበት ወደ ፓሪስ የሚሄደው ደብዳቤ ከማህተም ካላቸው የአገር ውስጥ ወረቀቶች ጋር ይሂድ።

7. ቅድመ ሁኔታውን አስጽፉ፣ ከዚያ ተከታተሉ

ሆቴሉ ከተፈቀደ ሥራው አላበቃም። በስብሰባ ላይ «እናስባለን» የተባለ ነገር ሁሉ ካልተጻፈ የለም። የፎቅ ገደብ፣ የፍሳሽ ማጣሪያ፣ የሙዚቃ ሰዓት፣ የሠራተኛ ድርሻና የግንባታ መኪና የሚገባበት ሰዓት በፈቃዱ ላይ እንደ ቅድመ ሁኔታ እንዲሰፍሩ ጠይቁ፤ ከተቻለ የፈቃዱን ግልባጭ በአፎቻው ፋይል ውስጥ አስቀምጡ።

ቁፋሮው ሲጀመር በየሳምንቱ ከአንድ ቦታ ላይ ሆኖ ፎቶ የሚያነሳ ሰው መድቡ። ሐረር የራሷን ሳንቲም ስታስመታ የኖረች ከተማ ናት፤ ከግንቡ አጠገብ የሚቆፈር መሬት ውስጥ ሳንቲም፣ የሸክላ ስብርባሪ ወይም መቃብር መገኘቱ አያስገርምም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በግንባታ ቁፋሮ ወቅት ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ስለዚህ ኤክስካቫተሩ እንዲህ ያለ ነገር ካወጣ ፎቶ አንሡ፣ ሰዓቱንና ቦታውን ጻፉ፣ የተገኘውን ሳትነኩ ለባህልና ቅርስ ቢሮው በዚያው ቀን በጽሑፍ አመልክቱ፤ ቅጂውንም ማህተም አስመቱበት።