ቀዳዳው በግራ እግር ላይ የተበሳበት ምክንያት

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ካለ ብየዳ ቤት ራሴ በኮምፒውተር በሣልኩት ንድፍ ለውሃ ፓምፕ መደገፊያ አሠራሁ። ከ6 ሚሊሜትር ላሜራ የተበየደ፣ ሁለት እግር ያለው ነው፤ 12 ሚሊሜትር ቀዳዳው በቀኝ እግር ብቻ። መሠረቱ በግራ በኩል ስለሚረዝም አዙሮ መግጠም አይቻልም። ላነሳው ስሄድ ቀዳዳው ግራ ላይ ተበስቷል።

«ጋሼ፣ በቀኝ ነበር እኮ» አልኳቸው በያጁን።

ንድፉ ያለበትን ወረቀት ዘረጉና የጎን እይታውን በጣታቸው ነኩ። «ልጄ፣ ይሄን ከፊት እይታው በስተቀኝ ነው ያስቀመጥከው። እዚያ የሚቀመጠው ከግራ የታየው ነው፤ እኛ የተማርነው እንዲህ ነው።»

እውነታቸውን ነው። እይታዎችን ወረቀት ላይ የማስቀመጫ ሁለት ዘዴዎች አሉ፦ ፈርስት አንግልና ሰርድ አንግል። በፈርስት አንግል ዕቃው በተመልካቹና በወረቀቱ መካከል ስለሚሆን ከቀኝ የታየው ወደ ግራ ይወድቃል። በሰርድ አንግል ግን ወረቀቱ መሃል ይገባል፤ ከቀኝ የታየው እዚያው ቀኝ ይቀመጣል። የእኔ ሶፍትዌር ሰርድ አንግል ላይ ነበር። ሁለቱም ትክክለኛ ዘዴ ናቸው፤ የትኛው እንደሆነ አለማመልከቴ ነው ጥፋቱ። በዚያ ላይ ከፊት እይታው ላይ የቀዳዳውን የተቆራረጠ መስመር (ከዚያ በኩል የማይታየውን ክፍል የሚያሳየውን) ትቼዋለሁ። እሱ ቢኖር ኖሮ ወዲያው ይጠይቁኝ ነበር።

ወደ ፈርስት አንግል ቀየርኩት፣ ዘዴውን የሚያመለክተውን ጫፉ የተቆረጠ የሾጣጣ ምልክት ጥግ ላይ አኖርኩ፣ የተቆራረጡትን መስመሮች መለስኩ። ከጎኑም በ30 ዲግሪ አይሶሜትሪክ (ሦስት ገጽ ባንዴ የሚያሳይ ሥዕል) ሣልኩ፤ ቀዳዳው እዚያ ላይ ሞላላ ስለሚሆን ስፋቱን በጽሑፍ «ዲያሜትር 12» አልኩት።

አሮጌውን ቀዳዳ በብየዳ ደፍነው ፈጩት፤ አዲሱን በቀኝ በሱት።